የመቀናጆው በሬ

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ዋናው ትምህርቴ ታሪክ ነበር። ከዋናው ሌላ ደግሞ ሁለተኛ የትምህርት ዘርፍ፣ እኛ ተማሪዎቹ ማይነር የምንለው፣ ግዴታ ነው ተባለ። እሱን ሳይጨርሱ ዲግሪ የለም። ልመዘገብ ስሄድ ጓደኞቼ የመረጡት ሁሉ ሞልቶ ኢኮኖሚክስ ብቻ ቀርቶ ኖሯል። መዝጋቢው ቀና ብሎ አየኝና «ሒሳብ ትችያለሽ?» አለኝ። ከፊቴ የነበሩትን ወንዶች እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም። ከንዴቴ የተነሳ «እችላለሁ» አልኩና ፈረምኩ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ በሕይወቴ ካደረግኋቸው ነገሮች ግማሹን ያደረግሁት አንድ ሰው አትችይም ያለኝ ስለመሰለኝ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። መምህራችን ከባሕር ማዶ የመጣ ረጅም ሰው ነው። ሲናደድ ጠመኔ ይሰብራል፣ ደስ ሲለውም ይሰብራል፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ሙሉ ጠመኔ አይቼ አላውቅም። የሚያስተምረን ሁልጊዜ ስለ አንድ ሰው ነበር። ይህ ሰው ጥቅሙን ያውቃል። ሲገዛ እንዲረክስለት፣ ሲሸጥ እንዲወደድለት ይፈልጋል። የሚጎዳውን ውል አይዋዋልም፤ ተሳስቶ ቢዋዋልም ቶሎ ያፈርሰዋል። እኔ ይህን ሰው በትውልድ አገሬ በደብረ ታቦር ሰዎች መካከል በሐሳቤ ስፈልገው ከረምኩ። ለቅሶ አይደርስ፣ ማኅበር አይጠጣ፣ አማች የለው፣ የክርስትና ልጅ የለው። «እንዲህ ያለ ሰው እኛ ሰፈር ቢመጣ አንድ ክረምት አይከርምም» ብዬ ከጎኔ ለሚቀመጠው ልጅ ሹክ ስለው ሳቁ አመለጠውና መምህሩ ሁለታችንንም ተቆጣን።

ሆኖም መዋሸት አልፈልግም፤ ትምህርቱን ወደድኩት። ልጅነቴ ያለፈው በጣሊያን ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ምሳ የሚበላበት ቀን ነበር፣ የማይበላበትም ቀን ነበር። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። የእግዜር ቁጣ ነው ይባላል፣ ከዚያ ዝም ይባላል። አሁን አንድ ሰው ሰሌዳ ፊት ቆሞ ረሃብም ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም ይጠየቃል ሲለኝ፣ የታፈነ ቤት መስኮት የተከፈተልኝ ያህል ተነፈስኩ። መጽሐፉን ሌሎቹ ለፈተና ሲያነቡት እኔ እናቴን ለማወቅ አነበው ጀመር።

በመጨረሻው ዓመት ማይነሩን ለመዝጋት አንድ ጽሑፍ ማቅረብ ነበረብን። እያንዳንዱ ተማሪ ከትውልድ አገሩ አንድ የአሠራር ልማድ ይመርጣል፤ ልማዱ ለምን እንደቆመና ለምን እንደማይፈርስ በተማረው ትምህርት ያስረዳል። ጽሑፉ ካላለፈ ማይነሩ የለም፤ ማይነሩ ከሌለ ዲግሪው የለም። እኔ መቀናጆን መረጥኩ።

ለማያውቀው ሰው መቀናጆ ማለት እንዲህ ነው። ለማረስ ሁለት በሬ ያስፈልጋል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ቤት፣ እንደሱው አንድ ብቻ ያለው ሌላ ቤት ይፈልግና ይቀናጃል። ሁለቱን በሬዎች አንድ ቀንበር ላይ ጠምደው፣ ተራ እየገቡ፣ ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን ያርሳሉ። ተራው የደረሰው ቤት ሁለቱንም በሬዎች ያበላል፣ ያጠጣል፣ ይጠብቃል። ውሉ አይጻፍም፤ ሽማግሌ ያውቀዋል፣ አጥቢያው ያውቀዋል፣ በቃ። እኔ የመረጥኩት ልማዱ አምሮኝ አይደለም። ቤታችን የጣሊያንን ዘመን ያለፈው በመቀናጆ ስለነበር ነው።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ጠላት ከመግባቱ በፊት አባቴ የሚቀናጀው ከአጥር ባሻገር ካለው ጎረቤታችን ጋር ነበር። ጣሊያን ሲገባ አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ጉና ወጣ፣ አርበኛ ሆነ። ጎረቤታችን ደግሞ ባንዳ ሆነ። ጣሊያኖቹ ከተማው ላይ የሠሩትን ምሽግ ይጠብቅ ነበር፤ ቆባቸውን ያደርጋል፣ ደመወዛቸውን ይበላል። አባቴ ቆይቶ ጉና ላይ ሲወድቅ፣ የገደሉት ከዚያው ምሽግ የወጡ ሰዎች ናቸው። ጎረቤታችን ያን ቀን አልዘመተም፣ ምሽጉ በር ላይ ቀርቶ ነበር ይላሉ። ቢሆንም ቆቡ ያው ቆብ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የማወራውን ሰምቶ ባንዳነቱን ላጥብለት የተነሳሁ የሚመስለው ሰው እንዳይኖር ነው።

አባቴ ዱር ሲገባ እናቴ ሦስት ትንንሽ ልጆችና አንድ በሬ ይዛ ቀረች። መቀናጆው ይፈርሳል ያላለ ሰው አልነበረም። የእናቴ ወንድሞች መጥተው «ከባንዳ በሬ ጋር ቀንበር ትጋሪያለሽ?» ብለው ወረዱባት። ጎረቤታችንንም አለቆቹ «የሽፍታ ሚስት ማሳ ታርሳለህ እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም። አልፈረሰም። ከጥበቃ በወረደ ቀን ቆቡን ቤቱ ጥሎ፣ እግሩን ገልጦ፣ ሞፈሩን ተሸክሞ ይመጣል። የራሱን ካረሰ በኋላ የኛን ያርሳል። በአገራችን ሴት እርፍ አትይዝምና እናቴ ከኋላው እየተከተለች ጓሉን ትከሰክሳለች። አይነጋገሩም። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሁለቱ ሲነጋገሩ የሰማሁት ስለ በሬዎቹ ብቻ ነው። ይሄኛው አንክሷል፣ ያኛው ውሃ ይጠጣ፣ ነገ ሚካኤል ስለሆነ አይጠመድም። ከዚያ ያለፈ ቃል አልነበረም።

ከዚያ ዘመን እንደ ሰው የማስታውሰው በሬያችንን ነው። ቀይ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦቃ እንለዋለን። ውሃ የማወርደው እኔ ነበርኩ። ጥማድ ላይ አንዱ በሬ ቀኙን፣ አንዱ ግራውን ይለምዳል፤ አንዴ ከለመደ ጎኑን ቀይረህ ብትጠምደው አይሄድልህም፣ ይሽከረከርብሃል። ቦቃ ቀኝ ነበር። የጎረቤታችን ጥቁሩ በሬ ግራ። ከነጻነት በኋላ የእናቴ ታናሽ ወንድም አዲስ አበባ ወስዶ ሊያስተምረኝ ሲል፣ እናቴ ቦቃን ሸጠችና ለመንገዴና ለልብሴ አደረገችው። የሄድኩ ዕለት ያለቀስኩት ለቦቃ ነው። እናቴ ለሷ ያለቀስኩ መስሏት አቅፋ አባበለችኝ፤ እኔም ዝም ብዬ ተባበልኩ።

በጽሑፌ ይህንን ሁሉ አስቀመጥኩ። መቀናጆው ያልፈረሰው፣ አልኩ፣ ሁለቱም ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው ነው። እናቴ የሚያርስላት ወንድ አልነበራትም፤ ከባንዳ ጋር ደግሞ በአጥቢያው ውስጥ የሚቀናጅ አንድም ቤት አልነበረም። እሱ የሷን በሬ ይፈልጋል፣ እሷ የሱን ጉልበት ትፈልጋለች። ነገሩ ገጠመ። በጣም ኮርቼበት ነበር። ያ ሰሌዳ ላይ ያለው ሰውዬ ሳይቀር እኛ ሰፈር መጥቶ ያረሰ መሰለኝ።

መምህሬ ጽሑፉን ሲመልስልኝ ከታች በቀይ ጽፎበት ነበር። ደመወዝ ነበረው ብለሻል። ታዲያ ሁለተኛ በሬ ገዝቶ ለብቻው ለምን አላረሰም? የሰው ማሳ በነጻ እያረሰ ውሉ ውስጥ ለምን ቆየ? ይህ ካልተመለሰ ጽሑፉ አላለፈም፤ ከዕረፍት ስትመለሺ አርመሽ አምጪ።

ተናደድኩ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ነው። ያን ሁሉ ዓመት ከአጥር ባሻገር ሳየው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ራሴን አልጠየቅሁም። ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ቀዩን ጽሑፍ አንብቦ «ምናልባት እናትሽን ይወዳት ነበር» አለኝ። ቀልዱን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አላናገርኩትም። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት እሱኑ ነው። አባቴ ጉና ላይ ብርድ ሲመታው ቤቱን የጠበቀችለት ሴት ናት። መልሱ ያ ከሆነ ማይነሩም ዲግሪውም ይቅርብኝ እያልኩ ለገና ዕረፍት ወደ አገሬ ተሳፈርኩ።

እናቴ በሁለተኛው ቀን ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጌሾ ስትቀነጥስ ጽሑፉን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። መጀመሪያ ላይ ሳቀች። «ይኸንን ነው እንግዲህ የምትማሩት? ይኸንንማ እዚሁ ቁጭ ብለሽ እኔው አስተምርሽ ነበር» አለችኝ። አባቴ ዱር ስለገባበት ሳነብ ወደ ጌሾዋ አጎነበሰች። ወንድሞቿ የተናገሯትን ስትሰማ «በትክክል እንዲያ ነው ያሉኝ» አለች። ከዚያ «በሬያችን ቀኝ በሬ ነበር» የሚለው ላይ ደረስኩ።

እጇ ጌሾው ላይ ቆመ።

«የኛ በሬ ግራ ነበር» አለች።

«ቦቃ? ቦቃ ቀኝ ነበር እምዬ። ውሃ የማጠጣው እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«ቦቃማ ቀኝ ነው።»

«ታዲያ?»

ከአፏ ያመለጠውን ቃል ልትመልሰው የፈለገች ይመስል ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። እኔ ደግሞ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። ጽሑፉ ላይ ያለውን ቀይ ቀለም አሳየኋት፣ የተጠየቅሁትን ነገርኳት፣ ካልመለስኩ ትምህርቱን እንደማልጨርስ ነገርኳት። ልጁ ያለኝን ግን አልነገርኳትም። ፊቴን ስታየው ግን ሳታውቀው አልቀረችም፤ ጌሾውን ወዲያ አደረገችና ቀና ብላ ተቀመጠች።

«የኛ በሬ ጥቁር ነበር» አለች። «ጠላት በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ አንቺ ትንሽ ነበርሽ። ተራው የሱ ስለነበር በሬዎቹ እሱ ዘንድ ናቸው፤ መስክ ተሰማርተዋል። ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ የዱር ሰዎች መጡ። የዚያን ባንዳ በሬ ንዱ ተብለው ነው የመጡት። ካገር ማዶ የመጡ ልጆች ናቸው፣ የኛን ሰፈር ከብት የት ያውቁታል? ሰባ ያለውን አዩና ነዱት። የኛን።»

«አርበኞቹ? የኛን?»

«አባትሽ ያለበት ጦር ነው። አርደው ከበሉ በኋላ አባትሽ ቆዳውን አይቶ አወቀው አሉ። ቆዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ አሉ። ሲስቅ ሲስቅ ቆየና ዝም አለ አሉ።»

እኔም ሳቅሁ። አባቴን ድምፁን እንኳ በደንብ አላስታውሰውም፤ ያን ጊዜ ግን ሲስቅ የሰማሁት መሰለኝና ሆድ ባሰኝ። እናቴ እስክረጋጋ ጠበቀችኝ።

በማግስቱ ሽማግሎች ተቀመጡ አለችኝ። የመቀናጆ ደንብ የታወቀ ነው። በተራህ ጊዜ በሬ በቸልታህ ቢጠፋ ትተካለህ። ጦር ከነዳው ግን ዕዳ የለብህም፤ ጉዳቱ የባለ በሬው ነው። ስለዚህ ጎረቤታችን ነጻ ነበር። የሱ ቦቃ መስኩ ላይ ቆሟል፤ የእናቴ በሬ ተበልቷል። ሽማግሎቹ ደንቡን ሊናገሩ ሲሉ እሱ ተነሳ።

«የመጡት ለኔ ነው» አለ። «የወሰዱትም የኔን ነው። የቀረው በሬ የሷ ነው።»

ሽማግሎቹ ሁለቱንም በሬዎች ከጥጃነታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል። የእናቴ ጥቁር፣ የሱ ቀይ መሆኑን የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። ማንም አልተነፈሰም። እናቴም አልተነፈሰችም። በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ የጠፋው በሬ ያንተ ከሆነ፣ ሌላ ፈልግና ተቀናጁ» አሉ። እሱም በሐሙሱ ገበያ ሐሙሲት ወርዶ፣ ግራ የለመደ ጥቁር በሬ ገዝቶ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦቃ የኛ በረት ውስጥ አደረ።

«ለምን ተቀበልሽ?» አልኳት።

ተቆጣች። «ምጽዋት ቢሆን እቀበል ነበር? ከባንዳ እጅ? እሱም ያውቃል እኮ፤ ለዚያ ነው እንዲያ ያለው። የገዛ በሬሽ ነው ሲባል ግን ምን ልበል? አይደለም ልበል? ሦስት ልጅ ነበረኝ!»

የክፍሌ ልጅ ያለኝ ነገር ከደረቴ ላይ ወረደ። በምትኩ ሌላ ነገር ተቀመጠ። የመምህሬ ጥያቄ ሁለተኛ በሬ ለምን አልገዛም የሚል ነበር፤ ገዝቶ ኖሯል። እኔን አዲስ አበባ ያደረሰኝ በሬ ደግሞ ያ በጣሊያን ቆብ የማስታውሰው ሰውዬ በሬ ነበር። መልሱን አገኘሁ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲገባ ጽሑፉን አጣጥፌ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት። እናቴ «ልትጽፊው ነው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «እንግዲያው ሂጂና ጠይቂው። የኔ ነገር አይደለም፣ የሱ ነው።»

ጎረቤታችን ከነጻነት በኋላ ጥቂት ታስሮ ተፈቷል። መሬቱን አልነጠቁትም። ሰዉ ግን ተለየው። ቤቱ ገብቶ ጠላ የሚጠጣ የለም፤ መንገድ ላይ ሰላም የሚለው ከብት ጠፍቶበት የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው። እናቴም ብትሆን ከአጥሩ አልፋ ገብታ አታውቅም። ስደርስ ደጁ ላይ ገመድ ይገምዳል። አርጅቷል፤ እጁ ግን አላረጀም። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ብድግ ሊል ቃጣው፤ እኔን እንደ እንግዳ ልጅ ያያል እንጂ እንደ ጎረቤት አላየኝም። ቆዳ አነጠፈልኝና ተቀመጥኩ። የመጣሁበትን ሁሉ ነገርኩት።

«ትምህርትሽ ስለ በሬ ነው?» አለኝ።

«ሰው ለጥቅሙ ስለሚያደርገው ነገር ነው።»

«እህ» አለና ገመዱን ቀጠለ።

«ልጻፈው ወይ አባ?»

«ምን ብለሽ?»

«ቦቃ ያንቱ እንደነበር።»

«አልነበረም» አለ። «የኔን የዱር ሰዎች ወስደውታል። አጥቢያው ሰምቷል።»

«እናቴ ነግራኛለች አባ።»

ገመዱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። እኔ ለወትሮው ዝም ማለት አልችልበትም፤ ያን ቀን ግን ቻልኩበት።

«ልጄ» አለኝ፣ «ያን ዘመን ከአፌ የወጣ ደህና ነገር እሱ ብቻ ነው። ብትጽፊው በሬው ወደኔ ይመለሳል። እናትሽም የባንዳ በሬ በላች ትባላለች። እኔም ሰጥቶ የሚናገር ሰው እሆናለሁ። ተይው።»

«ካልጻፍኩት ትምህርቱን ላልጨርስ እችላለሁ።»

ይህን ሲሰማ በእውነት አዘነ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ለራሱ ያዘነ አይደለም። «ይኸ አልታየኝም ነበር» አለ። ከዚያ ገመዱን መልሶ አነሳና «ቦቃ አዲስ አበባ ድረስ ወሰደሽ አሉ» አለኝ። «ከዚያ ወዲያ ያለውን እንግዲህ አንቺ እረሺው።»

ስነሳ «ለምን እንዲያ አሉ ያን ጊዜ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥያቄው የገረመው መሰለ። «የመጡት ለኔ ነበራ» አለኝ።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ጭነት መኪናው ላይ ከእህል ጆንያ ጋር ተጭኜ ሁለት መልስ በሐሳቤ እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ። አንዱ መልስ እውነት ነው፤ መምህሬንም ያስደንቀዋል። እዚያ ማዶ ደግሞ ማን ያነበዋል? እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው በኛ አጥቢያ የለም። ይህን ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፤ ዓባይ በረሃን ወርደን እስክንወጣ ድረስ ተታልዬም ነበር። ብዕሩን ይዤ ስቀመጥ ግን ያ ሰውዬ ገመዱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ፊቴ ተደቀነ። በዚያ ዘመን ያለው ደህና ነገር አንድ ብቻ ነው። እሱን ለአንድ ማይነር ብዬ ልውሰድበት? ደግ ነገር የሞላው ሰው ቢሆን ምናልባት ባልከበደኝ፤ የሱን ድህነት ሳይ ነው እጄ እምቢ ያለኝ።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው ሁለተኛ በሬ ገዝቶ ነበር። የገዛውም በአርበኞች የተወሰደበትን በሬ ለመተካት ነው። ከመቀናጆው ያልወጣበትን ምክንያት ጸሐፊዋ ታውቃለች፤ ለመጻፍ ግን አልተፈቀደላትም።

መምህሬ ቢሮው ጠራኝ። «አልተፈቀደልኝም የሚባል መልስ በኢኮኖሚክስ ውስጥ የለም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ማን ነው ያልፈቀደልሽ?»

«ባለቤቱ።»

«የበሬው ባለቤት?»

«የመልሱ።»

ጠመኔ ፈለገ፤ ቢሮው ውስጥ ጠመኔ አልነበረም። መነጽሩን አውልቆ ጽሑፉን እንደገና ገለጠው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ያ ጥያቄ ባይኖር እኔ ሳላውቅ ነበር የምሞተው፤ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። በመጨረሻ ሌላው ክፍል በደንብ እንደተሠራ፣ ዋናው ጥያቄ ግን እንዳልተመለሰ ጽፎ ማለፊያ ነጥብ ሰጠኝ። ከዚያ በታች ያለው መውደቅ ነው። በዚህ ሁኔታ ማይነሬን ጨረስኩ። ከክፍሉ ተማሪ ሁሉ መልሱን በትክክል አውቄ ዝቅተኛውን ነጥብ ያገኘሁ እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ንዴቱ ለብዙ ጊዜ አልወጣልኝም ነበር።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ገብቼ እሠራ ነበር። አንድ ጊዜ ለፍልሰታ እናቴ ዘንድ ሄጄ ሳለ ጎረቤታችን ሞተ። እናቴ ስትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ዱላዋን አነሳች።

«ልትሄጂ ነው?» አልኳት። ያን አጥር ስታልፍ አይቻት አላውቅም።

«ሞቷል» አለችኝ። «አሁን እምቢ ሊለኝ አይችልም።»

ያኔ አልገባኝም። ክንዷን ይዤ በጭቃው ተከተልኳት። አስከሬኑ ተገንዞ ደጁ ላይ፣ ቃሬዛ ላይ ተጋድሟል። ቄሱ ደመናውን እያዩ ይቁነጠነጣሉ። ግቢው ውስጥ ጥቂት ሴቶች ብቻ አሉ። ወንዶቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል፤ ቀሩ እንዳይባሉ መጥተዋል፣ ደረሱ እንዳይባሉ አልገቡም። ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ የሚሸከም ሰው የለም። አንዷ ሴት ዝግ ባለ ድምፅ ታለቅሳለች፤ ሙሾ የሚያወርድለት ግን ጠፍቷል። ስለ ባንዳ ምን ተብሎ ይወረዳል?

እናቴ እጄን ለቀቀችኝ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ቃሬዛው ራስጌ ሄዳ ቆመች። ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

«ስሙኝ» አለች። «ቦቃ የሱ በሬ ነበር። የኔ በሬ ጉና ላይ ታርዶ ተበልቷል። ልጆቼን ያሳደግሁት በሱ በሬ ነው። ይችን ልጅ ያስተማርኳት በሱ በሬ ነው። በላሁት እንጂ የኔ አልነበረም።»

የለቅሶዋ ሴት እንኳ ለቅሶዋን ገታች። ዝናቡ ሊመጣ ሲል የሚነፍሰው ነፋስ ነበር የሚሰማው። እናቴን ልይዛት ስጠጋ፣ ከአጥሩ ውጭ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ። ያን ጊዜ ሌላ ፈልግና ተቀናጁ ያሉት ሽማግሌ ናቸው፤ በሕይወት ይኖራሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«እናውቃለን» አሉ። «አንቺ እስክትይው ነበር የቆየነው።»

ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ገቡ። ወንዶቹ ተከተሏቸው። ቃሬዛውን አነሱት።